አገር አቀፍ የወተት ማኅበር ዘርፉን የሚያስተዋውቀውና የሚጠብቀው እንዴት ነው? ከመዋጮ እስከ ቀውስ ቀን

ብዙ ማኅበራት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ገና በቅጡ ሳይደራጁ አርማ ያሠራሉ፣ ቢልቦርድ ይሰቅላሉ፣ «ወተት ጠጡ» ይላሉ። ገንዘቡ ያልቃል፣ ዘርፉ ግን ባለበት ይቆማል። እኔ የማምነው በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ወተቱ የሚታመን ይሁን። ቀጥሎ ስሙ ይጠበቅ። ማስታወቂያው ከዚያ ይምጣ። በዚህ መመሪያ ማስታወቂያ ስድስተኛ ላይ የመጣው ለዚህ ነው።

መመሪያው አገር አቀፍ የወተት ማኅበር ለማቋቋም ለተነሱ ወይም ያለውን ለማነቃቃት ለሚሞክሩ ሰዎች ነው። የቦርድ አባላት፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የኅብረት ሥራ መሪዎች ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጠረጴዛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ወስኑ

አርቢውም አቀነባባሪውም የሚኖሩት ከአንድ ወተት ነው። ጥቅማቸው ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። አርቢው ወተቱ ጥሩ ዋጋ እንዲያወጣለት ይፈልጋል፤ ፋብሪካው በተቻለው መጠን በርካሽ መግዛት ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ አዳራሽ አስገብታችሁ በነፃ ተወያዩ ብትሉ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ይነሳል፣ ስብሰባውም እዚያው ላይ ይበተናል።

ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ይህን በግልጽ አስፍሩ፦ አርቢና አቀነባባሪ በጋራ በሚቀመጡበት ማኅበር ዋጋ አይነሳም። ጠብን ለማስቀረት ብቻ አይደለም። በብዙ አገሮች ተፎካካሪ ድርጅቶች ተሰብስበው ዋጋ ላይ መስማማታቸው የውድድር ሕግን መጣስ ነው። የአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተለየ ፈቃድ ሊኖራቸው ይችላል። አሜሪካ ለምሳሌ በ1922 ባወጣችው ሕግ አርቢዎች ምርታቸውን በጋራ እንዲሸጡ ፈቅዳለች። ፈቃዱ ግን ለእነሱ ነው እንጂ ለፋብሪካዎቹ አይደለም። የአገራችሁ ሕግ ምን እንደሚል ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ አጣሩ።

አደረጃጀቱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በካናዳ በ1934 የተመሠረተው የአርቢዎች ማኅበር የአርቢዎች ብቻ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሥራው ተከፋፍሏል፤ በ1916 የተቋቋመው የአምራቾች ፌዴሬሽን ፖሊሲውን ይይዛል፣ አቀነባባሪዎቹ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ ማስተዋወቁን ሌላ ድርጅት ይሠራዋል። የሕንዱ መንገድ ከታች ይጀምራል። በየመንደሩ የአርቢዎች ኅብረት ሥራ አለ፤ ከዚያ የወረዳ ዩኒየን፣ ከላይ የክልል ፌዴሬሽን። ይህ ሞዴል በአናንድ ከተማ ዙሪያ በ1946 ተጀመረ። በ1965 የተቋቋመው ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድም በቨርጊስ ኩሪየን መሪነት ከ1970 ጀምሮ ወደ አገሪቱ ሁሉ አዳረሰው። አንድና ሁለት ላም ያላቸው ሚሊዮኖች ናቸው ሕንድን የዓለም ቀዳሚ ወተት አምራች ያደረጓት።

የትኛውንም ብትመርጡ ትንሹ አርቢ እውነተኛ ወንበር ይኑረው። ወንበሩን በሁለት መስፈርት አከፋፍሉ፣ በአካባቢና በምርት መጠን። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ላሟን የሚያልበውና ስብሰባ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ምርጫውን በምዝገባ ወረቀት ብቻ ካደረጋችሁት በረት ውስጥ የሚውሉት ሰዎች ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል።

2. ገንዘቡን ከየት እንደምታመጡና በስንት ኪስ እንደምትይዙት

በፈቃደኝነት የሚከፈል መዋጮ ብቻውን አያስኬድም። የምርምሩም የማስታወቂያውም ጥቅም ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ይደርሳል። አንዱ ሲከፍል ሌላው ቆሞ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ከፋዩም «እኔ ብቻዬን ለምን?» ብሎ ይተወዋል።

ጠንካራ የሚባሉት ማኅበራት በወተቱ መጠን ልክ በሕግ የሚሰበሰብ መዋጮ አላቸው። በአሜሪካ በ1983 በወጣው ሕግ መሠረት አርቢው ለገበያ ላቀረበው ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ወተት፣ ማለትም 45 ኪሎ ግራም ገደማ፣ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 10 ሳንቲም ድረስ በክልል ደረጃ ለሚሠሩ ዕውቅና ላላቸው ድርጅቶች ሊሄድ ይችላል። አሰባሰቡ ቀላል ነው። ወተቱን የሚገዛው ድርጅት ለአርቢው ሲከፍል መዋጮውን ቆርጦ ያስተላልፋል። አርቢው ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም። ከውጭ የሚገባ የወተት ተዋጽኦም በዚያው አገር ከ2011 ጀምሮ በ7.5 ሳንቲም ስሌት ይከፍላል። ማስታወቂያው የሠራለትን ገበያ እስከተጠቀመ ድረስ ተገቢ ነው።

በሕግ የሚሰበሰብ ገንዘብ ግን በከፋዩ ፈቃድ መታሰር አለበት። በኒውዚላንድ በ1990ው የመዋጮ ሕግ መሠረት አንድ መዋጮ የሚጸድቀው ለተወሰነ ዓመት ነው፣ ሲያበቃ አርቢዎች እንደገና ድምፅ ይሰጡበታል። ይህ የይስሙላ ድምፅ አይደለም። በ2009 የዚያው አገር በግ አርቢዎች የሱፍ መዋጮውን ጥለውታል። በ2021 የብሪታንያ ድንችና አትክልት አምራቾችም የራሳቸውን መዋጮ በድምፅ አስቁመዋል። የወተት ማኅበር መሪዎች እነዚህን ሁለት ውጤቶች ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ቢለጥፏቸው አይበዛም።

አሁን ወደ ኪሱ። ለማስተዋወቅና ለምርምር የሚውለው ገንዘብ ከፖለቲካ ሥራው ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም። የአሜሪካው ሕግ በመዋጮው ገንዘብ የመንግሥት ፖሊሲን ለማስለወጥ መሥራትን ይከለክላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ከአባልነት ክፍያ ይመጣል። እናንተም ሕጉ ባያስገድዳችሁ እንኳ ሁለት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ሦስተኛ ደግሞ ጨምሩ፣ ለክፉ ቀን። ከየዓመቱ ገቢ የተወሰነ ድርሻ እዚያ ይግባ፣ ያለ ቦርድ ሁለት ሦስተኛ ድምፅም አይነካ።

3. ቁጥሩን በእጃችሁ አድርጉ

ስንት አርቢ አለ? በየወሩ ስንት ሊትር ይሰበሰባል? ስንቱ ተበላሽቶ ይደፋል? ከውጭ ምን ያህል ይገባል? እነዚህን ሳያውቅ ሚኒስትር ፊት የሚቀርብ ማኅበር ለምኖ ይመለሳል። የየድርጅቱን ቁጥር ደምራችሁ፣ የማንም ሚስጥር እንዳይወጣ አድርጋችሁ፣ በየወሩ አንድ ገጽ አውጡ። ለሁሉም በአንድ ቀን ይድረስ። ይኼው ነው።

4. ጥራት፦ ጥበቃው የሚጀምረው እዚህ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዘርፉ ትልቁ ጠላት ከውጭ የሚመጣ ዱቄት ወይም ከአጃ የተሠራ መጠጥ አይደለም። የራሱ የዘርፉ ሰው ያጭበረበረው ወተት ነው።

ማለዳ አንድ መሰብሰቢያ ጣቢያ ላይ ቁሙና ተረካቢውን ተመልከቱት። ላክቶሜትሩን፣ ማለትም የወተት እፍጋት መለኪያውን፣ ወተቱ ውስጥ ይለቀዋል፣ የት ላይ እንደቆመ ያነባል። ጤነኛ የላም ወተት እፍጋቱ ከ1.028 እስከ 1.033 ባለው ውስጥ ይሆናል። ውሃ ከተጨመረበት ይወርዳል። ጥሩ። ግን ክሬሙ ከተገፈፈ እፍጋቱ ይጨምራል። ክሬሙን ገፎ በምትኩ ውሃ የጨመረ ሰው ላክቶሜትሩን ያታልለዋል፤ ንባቡ ልክ እንደ ጥሩ ወተት ይሆናል። ተረካቢው ያንን አንድ መሣሪያ ብቻ ከያዘ ወተቱ አለፈ ማለት ነው። አጭበርባሪው የሚያጠናው ወተቱን ሳይሆን ምርመራውን ነው።

ከዚህ በላይ የከፋውን ቻይና በ2008 አይታለች። ፋብሪካዎች የወተቱን ፕሮቲን የሚለኩት በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ነበር። ውሃ የተጨመረበት ወተት ፕሮቲኑ የጎደለ እንዳይመስል ሜላሚን የሚባል በናይትሮጅን የበለጸገ የፋብሪካ ኬሚካል ተጨመረበት። ምርመራው «ፕሮቲኑ ሙሉ ነው» አለ። ሕፃናት ኩላሊታቸው ታመመ፤ 300,000 ያህል ሕፃናት ተጎዱ፣ ስድስት ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቻይና ወላጆች ለዓመታት የውጭ አገር የሕፃናት ወተት ሲፈልጉ ኖሩ። ምንም ያላጭበረበረ አርቢም ገበያውን አብሮ አጣ።

ታዲያ ማኅበሩ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ዝቅተኛውን የምርመራ ስብስብ ይወስን፣ አባል ሁሉ ይፈርምበት። እፍጋት፣ የሙቀት መጠን፣ የአልኮል ምርመራ (አልኮል ሲጨመርበት ወተቱ ይረጋ እንደሆነ ማየት)፣ የስብ መጠን፣ የአንቲባዮቲክ ቅሪት። ውሃ መጨመሩን ለማረጋገጥ ደግሞ ወተቱ በረዶ የሚሆንበትን ነጥብ የሚለካ መሣሪያ ቢያንስ በየአካባቢው አንድ ቦታ ይኑር። የላም ወተት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ አለፍ ብሎ ነው። ውሃ ሲገባበት ነጥቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ክሬም መግፈፍም ይህን አይሸፍነውም።

ሁለተኛ፣ ናሙና ይቀመጥ። ቦቴው የሃያ አርቢ ወተት ደባልቆ ይመጣል። አንዷ ላም ለጡት በሽታ መርፌ ተወግታ ወተቷ ሳይለይ ከተቀላቀለ ቦቴው በሙሉ ይበላሻል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ቦቴ ከመራገፉ በፊት ለአንቲባዮቲክ ይመረመራል፤ ከተገኘበት ለምግብነት አይውልም። የማን ወተት እንደሆነ የሚታወቀው ከየአርቢው በተቀዳችው ትንሽ ጠርሙስ ነው። ናሙና ከሌለ አንዱ ባጠፋው ሃያው ይቀጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ማንም አይጠነቀቅም።

ሦስተኛ፣ መኖውን ተከታተሉ። የሻገተ መኖ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ላሟ ስትበላው መርዙ መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። የዓለም አቀፉ የምግብ ኮድ (ኮዴክስ የሚባለው የምግብ ደረጃዎች ስብስብ) ጣሪያ በኪሎ 0.5 ማይክሮ ግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት 0.05 ብሎታል፣ አሥር እጥፍ ጥብቅ ነው። ስለዚህ የመኖ ነጋዴዎችም ጠረጴዛው አጠገብ ይምጡ።

አራተኛ፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምይዘው፣ አከፋፈሉን ቀይሩ። በሊትር ብቻ የሚከፈለው አርቢ ውሃ መጨመር ያዋጣዋል። በስብና በፕሮቲን የሚከፈለው አያዋጣውም። በኒውዚላንድ አርቢ የሚከፈለው በኪሎ የወተት ጥጥር፣ ማለትም በስቡና በፕሮቲኑ ክብደት ነው። የላም ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ይህ ፍትሐዊም ነው። የዋጋውን መጠን ማኅበሩ አይነካም፤ የመለኪያውን ዘዴ ግን ሊያስተምርና ሊያግባባ ይችላል።

የጥራት ማኅተም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የካናዳ አርቢዎች ሰማያዊ ላም ያለችበት አርማ ወተቱ መቶ በመቶ የካናዳ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለ ማኅተም ስታወጡ ውል ይኑረው፣ ድንገተኛ ጉብኝት ይኑረው፣ ማኅተሙን የመንጠቅ ሥልጣንም ለማኅበሩ ይሰጥ። ትልቅ ከፋይ አባል ሲያጠፋ መንጠቅ ካልቻላችሁ ማኅተሙን ባታወጡት ይሻላል።

የላሞቹ አያያዝም እዚሁ ይገባል። የአሜሪካ የአምራቾች ፌዴሬሽን በ2009 የእንስሳት አያያዝ ፕሮግራም ያቋቋመው ሸማቹ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ላሟንም ማየት ስለጀመረ ነው። አንድ በረት ውስጥ በስልክ የተቀረጸ ጭካኔ አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። ከመቀረጹ በፊት ይታረም።

5. የወተትን ስም ጠብቁ፣ ግን ልክ እወቁ

ዓለም አቀፉ የምግብ ኮድ በ1999 ባወጣው ደረጃ ወተት ከሚታለቡ እንስሳት የሚገኝ፣ ምንም ያልተጨመረበትና ምንም ያልተቀነሰለት ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ትርጉም በአገራችሁ ደረጃና ሕግ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ካለ ደግሞ ከዱቄት የተበጠበጠ ወተት መለያው ላይ እንዲህ መሆኑን እንዲጽፍ ማስደረግ። ትኩስ ወተት የሚያቀርበው አርቢ በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሸማቹ ልዩነቱን ሳያውቅ ይገዛል።

ከተክል በሚሠሩ መጠጦች ላይ አገሮች ተለያይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሰኔ 14 ቀን 2017 ቶፉታውን በተባለ ድርጅት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሙሉ በሙሉ ከተክል የተሠራ ነገር ወተት፣ ክሬም፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም ብሏል። ጎኑ ላይ «የአኩሪ አተር» ብሎ ማብራሪያ መጨመርም አያድነውም። እንደ ኮኮናት ወተት ያሉ ከጥንት የተለመዱ ስሞች ብቻ በዝርዝር ተለይተው ተፈቅደዋል። በአሜሪካ ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2023 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ከተክል የሚሠሩት በወተት ስም መጠራት እንደሚችሉ ተቀብሎ፣ የንጥረ ነገር ልዩነታቸውን መለያው ላይ እንዲገልጹ መክሯል።

እዚህ ላይ ከቅቤ ምትኩ ከማርጋሪን ታሪክ መማር ይገባል። በ1886 አሜሪካ ማርጋሪን ላይ ቀረጥ ጣለች። ካናዳ በዚያው ዓመት ጭራሽ ከለከለችው። በኋላ ትግሉ ወደ ቀለሙ ዞረ። ቅቤ እንዳይመስል ነጭ ሆኖ እንዲሸጥ ተደረገ። አምራቾቹም ከነጩ ማርጋሪን ጋር ትንሽ የቢጫ ቀለም ከረጢት አብረው ሸጡ፤ ሰዎች ቤታቸው ወስደው እያሹ አቀለሙት። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን እስከ 1967፣ የካናዳዋ ኩቤክ እስከ 2008 ቢጫውን አልፈቀዱም ነበር። ያም ሆኖ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ከቅቤ ይልቅ ማርጋሪን መብላት ጀምረዋል። ክልከላው ቅቤን አላዳነም፤ የቅቤ ሰዎችን ግን ሸማቹን የሚያስቸግሩ አስመሰላቸው።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2020 የአውሮፓ ፓርላማ ለተክል ምርቶች እንደ «ክሬማማ» ያሉ ገላጭ ቃላትን እንኳ የሚከለክል ማሻሻያ ደግፎ ነበር። ተቃውሞ በዛ፣ በ2021 ተሰረዘ። ስለዚህ ድንበሩን እዚህ ላይ አስምሩት፦ ሸማቹ የሚገዛውን በትክክል እንዲያውቅ ታገሉ። ሸማቹ ሌላ ነገር እንዳይገዛ ለማድረግ ግን አትታገሉ።

6. አሁን አስተዋውቁ

ለማን ነው የምትናገሩት? ወተት ለማይጠጣው ሁሉ መስበክ ብር መበተን ነው። በ1993 የካሊፎርኒያ አቀነባባሪዎች ቦርድ ያወጣው «ወተት አለህ?» የሚለው ዘመቻ የተናገረው ወተት ለሚወዱት ነበር። ስለ ካልሲየም ምንም አላለም። ወተቱ ያለቀበትን ሰዓት ብቻ አሳየ፣ አፍ ሙሉ ብስኩት ይዞ ባዶ ካርቶን የሚያነሳ ሰው። ሁሉም ሰው አወቀው፣ በካሊፎርኒያ ሽያጩም ለጊዜው አንሰራራ።

ግን ሙሉውን ሥዕል ማየት ያስፈልጋል። በአገር ደረጃ የአሜሪካ ሕዝብ የሚጠጣው ወተት ከዚያ በኋላም መቀነሱን ቀጠለ። የቁርስ ልማድ ተቀየረ፣ የሚጠጣው ዓይነት በዛ። አንድ ዝነኛ ማስታወቂያ የአኗኗር ለውጥን አይመልስም። በዚያው ዘመን ግን የአሜሪካውያን የአይብ ፍጆታ አድጓል፤ የመዋጮው ድርጅት ከፒዛ ሰንሰለቶች ጋር በሽርክና ሠርቶ ፒዛው ላይ የሚገባው አይብ እንዲጨምር አድርጓል። ለአርቢው ወተቱ በብርጭቆ ይሂድ በአይብ ልዩነት የለውም። እናንተም «ወተት» ከማለታችሁ በፊት ገበያው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ቁጥሩን እዩ። እርጎ ይሆናል፣ አይብ ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የታሸገ ወተት ይሆናል።

ስለ ጤና ስትናገሩ ልጓም ያዙ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም እውነት ነው፣ ማጋነን አያስፈልገውም። በአሜሪካ የወተት ድርጅቶቹ «ወተት ክብደት ይቀንሳል» የሚል ዘመቻ ጀምረው ነበር። ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ በ2007 ለማቆም ተገደዱ። በዓለም ካሉ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ በደንብ እንደማይፈጩ እየታወቀ «ወተት ለሁሉም ይስማማል» ማለትም ያው ነው። ከዚያ ይልቅ ላክቶስ የተቀነሰለት ወተትና እርጎ እንዳለ ንገሯቸው። የምትናገሩትን እያንዳንዱን የጤና ነጥብ ከማኅበሩ ውጭ ያለ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይየው።

የትምህርት ቤት ወተት ከማስታወቂያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ልጁ ዛሬ ይመገባል፣ ልማዱ አብሮት ያድጋል፣ አርቢውም ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀው ገዢ ያገኛል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከ1977 ጀምሮ የትምህርት ቤት ወተትን ሲደግፍ ቆይቷል። ለመንግሥት ስታቀርቡት ማቀዝቀዣ፣ ማጓጓዣ፣ የባዶ ካርቶን አወጋገድ ድረስ ያለቀለት ዕቅድ ይዛችሁ ግቡ። ዓለም አቀፉ የወተት ቀን ሰኔ (ጁን) 1 ነው። የምግብና እርሻ ድርጅቱ፣ ፋኦ፣ በ2001 ያወጀው ነው። ቀኑን ለንግግር አታባክኑት። በረቱን ክፈቱ፣ ሰው ይግባ፣ ላሟን ይያት፣ አርቢውን ይጠይቀው።

7. መንግሥት ጋ ስትሄዱ

ጥያቄው ከሦስት አይብለጥ። አሥር ጥያቄ ይዞ የገባ አንድም አያገኝም። ወተት የሚጠብቅ ምርት አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ወተቱ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ይህን በሊትርና በብር አስልታችሁ አሳዩ። የማቀዝቀዣ ታንክ ቀረጥ፣ የመኖ ታክስ፣ የመሰብሰቢያ ጣቢያዎች የመብራት ቅድሚያ፣ እነዚህ የሚጨበጡ ናቸው። የውጭ ምርት ከዋጋ በታች እየተራገፈ ነው ካላችሁ ደግሞ የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያወራነው ቁጥር።

ፖሊሲው ሲቀየር የሚመጣውንም አስቀድማችሁ አስቡ። የአውሮፓ የወተት ኮታ ከ1984 እስከ 2015 ቆይቶ ሲነሳ ምርት ጨመረ፣ የዓለም ገበያም በዚያው ሰሞን ቀዝቅዞ ነበርና ዋጋው ወደቀ፣ ብዙ አርቢ ተቸገረ። ስለ አየር ንብረትም አትሽሹ። ላም ሚቴን ታወጣለች፤ ይህን የሚክድ ማኅበር ሌላውንም ሲናገር አይታመንም። ከአንዲት ላም ብዙ ወተት ማግኘት በሊትር የሚወጣውን ልቀት እንደሚቀንስ፣ ማኅበሩ ለዚያ ምን እየሠራ እንደሆነ ተናገሩ።

8. ለቀውስ ቀን ቀድማችሁ ተዘጋጁ

ቀውስ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው ብላችሁ አስቡ። ኃላፊው ስልኩን ዘግቷል፣ ላቦራቶሪው ተዘግቷል፣ ሶሻል ሚዲያው ግን ክፍት ነው። ስለዚህ አሁን፣ ምንም ሳይፈጠር፣ እነዚህን ጨርሱ። አንድ ቃል አቀባይና አንድ ተተኪ። የመንግሥት የእንስሳት ጤናና የምግብ ቁጥጥር ኃላፊዎች የግል ስልክ። ሌሊትም ቢሆን ናሙና ከሚቀበል ላቦራቶሪ ጋር የተፈረመ ውል። ከመደርደሪያ እስከ በረት ወተቱን ወደ ኋላ መከተል የሚያስችል መዝገብ። መዝገቡን በዓመት አንዴ ፈትኑት። ከሱቅ አንድ ካርቶን ግዙ፣ «ይህ ከየት ጣቢያ፣ ከእነማን በረት መጣ?» ብላችሁ ሰዓት ያዙ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚባለው አጭር ነው። የምናውቀው ይህ ነው፤ የማናውቀው ይህ ነው፤ ሸማቹ አሁን ይህን ያድርግ፤ በዚህ ሰዓት እንመለሳለን። በተባለው ሰዓት ተመለሱ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም። ምርመራ ሳይወጣ «ወተታችን ንጹሕ ነው» አትበሉ።

በነሐሴ 2013 የኒውዚላንዱ የወተት ኩባንያ ፎንቴራ የፕሮቲን ዱቄቱ መርዝ የሚያመነጭ አደገኛ ባክቴሪያ ሳይኖርበት እንዳልቀረ አስታወቀ። አገሮች ምርቱን አገዱ፣ የሕፃናት ወተት ከመደርደሪያ ተነሳ። በዚያው ወር መጨረሻ ተጨማሪ ምርመራ ሲወጣ ባክቴሪያው ሌላ፣ ያን መርዝ የማያመነጭ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ማስጠንቀቁ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሕፃን ምግብ ነውና ጥርጣሬ ካለ ይነገራል። ትምህርቱ ትክክለኛው ምርመራ በፍጥነት የሚሠራበትን ቦታ ቀድሞ ማወቅ ላይ ነው።

በሌላ በኩል በመጋቢት 2024 የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ ላሞች ላይ ተገኘ። በሱቅ ካለው ፓስቸራይዝድ ወተት ከአምስት ናሙና በአንዱ ገደማ የቫይረሱ ቅሪት ታየ። ሕያው ቫይረስ ግን አልተገኘም። ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ መሞቁ ሥራውን እየሠራ ነበር። የወተት ማኅበራቱ ሰውን ማረጋጋት የቻሉት የመንግሥት ምርመራ ስለደገፋቸው ነው።

የእንስሳት በሽታ ሲገባ ደግሞ ማን ምን እንደሚከፍል ቀድሞ ይጻፍ። በ2001 በብሪታንያ የአፍተግር ወረርሽኝ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል። ኒውዚላንድ በ2017 ማይኮፕላዝማ ቦቪስ የሚባል የከብት በሽታ ሲገኝባት በማግሥቱ ዓመት ጨርሶ ለማጥፋት ወሰነች። ወጪው ሁለት ሦስተኛ ገደማ በመንግሥት፣ ቀሪው በወተትና በሥጋ አርቢዎች ማኅበራት ተሸፈነ። ማኅበሩ ስለከፈለ ውሳኔው ላይም ተቀመጠ። ካሳ በፍጥነት እንደሚመጣ የሚያውቅ አርቢ የታመመች ላሙን ይናገራል፤ የማያውቅ ይደብቃል።

9. ለከፋዩ ሒሳብ አቅርቡ

የአሜሪካው የመዋጮ ፕሮግራም ውጤት በገለልተኛ ኢኮኖሚስቶች እየተሰላ በየጊዜው ለኮንግረስ ይቀርባል። እናንተ ኢኮኖሚስት ለመቅጠር አቅም ባይኖራችሁ እንኳ ከዘመቻው በፊትና በኋላ ሽያጩን ለኩ። ዘመቻ ያልተደረገበት አንድ አካባቢም ለማነጻጸሪያ ተዉ። ሰው ማስታወቂያውን ወደደው ማለት ወተት ገዛ ማለት አይደለም።

ለአርቢው የሚደርሰው ሪፖርት ግን ሌላ ይሁን። የሰባ ገጽ መጽሔት ማንም አያነብም። በወተት ክፍያ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አራት መስመር ይበቃል፦ በዚህ ዓመት አንተ የከፈልከው መዋጮ ይህን ያህል ነው፣ ለጥራት ይህን ያህል፣ ለማስተዋወቅ ይህን ያህል፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ይህን ያህል። ያልተሳካ ዘመቻ ካለም እዚያው ይጻፍ፣ ለምን እንደቆመም ይነገር። ቀጣዩ የመዋጮ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደግሞ ከታች በጉልህ ይታተም።